ሶላር ስታስገቡ ሬዲዮው እንዳይሄድባችሁ፦ የኢንቨርተርና የኮንትሮለር አመራረጥ

ባለፈው በጋ ለአጎቴ ሶላር አስገባሁለት። ቤቱ ከቢቸና ወጣ ብሎ፣ ከጮቄ ግርጌ ነው። አንድ 100 ዋት ፓነል፣ አንድ ባለ 100 አምፔር ባትሪ፣ ፓነሉ ባትሪውን ሲሞላ የሚቆጣጠር አንድ ኮንትሮለር፣ አንድ 1000 ዋት የተጻፈበት ኢንቨርተር። ማታ አራቱም አምፖል ሲበራ ልጆቹ እልል አሉ። ቡና ተፈላ። ከዚያ የሁለት ሰዓት ዜና ደረሰና አጎቴ ሬዲዮውን ከፈተ። ዜና የለም። "ዝዝዝዝ" የሚል ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ወፍጮ ቤት በር ላይ የቆምን ነው የሚመስለው። መርፌውን ወዲያ አለው፣ ወዲህ አለው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያው ነው። "ልጄ፣" አለኝ፣ "መብራቱ መጣ፣ ሬዲዮው ሄደ።"

ይህን የምጽፈው ያቺ ቃል ስላልለቀቀችኝ ነው። ሶላር የሚሸጥልን ሰው ስለ ዋት፣ ስለ አምፔር፣ ስለ ዋስትና ይነግረናል። ስለ ሬዲዮ የሚያነሳ የለም። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር መሃል ከተማ ለሚኖር ሰው ላያስጨንቀው ይችላል፤ ኤፍ ኤም አለ፣ ኢንተርኔት አለ። ኤፍ ኤም ግን በቀጥታ መስመር ነው የሚሄደው፤ ተራራ ያግደዋል። ወደ ጮቄ ጉያ ስትገቡ፣ ወይም ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ፣ የሚቀርላችሁ መካከለኛ ሞገድና አጭር ሞገድ ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በ873 ኪሎ ኸርዝ፣ የአማራ ሬዲዮ ለዓመታት በለመድነው 6090። ኢንቨርተር ደግሞ አብልጦ የሚያበላሸው እነዚህኑ ሞገዶች ነው።

ጩኸቱ ከየት ይመጣል?

ኢንቨርተር የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት ይቀይራል። ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በከፈቱና በዘጉ ቁጥር ትንሽ የሬዲዮ ብልጭታ ይወጣል። አከፋፈቱ 50 ኪሎ ኸርዝ ነው እንበል። ብልጭታው በ100፣ በ150፣ በ200 እያለ እየተባዛ ወደ ላይ ይወጣል። መካከለኛ ሞገድ ከ530 አካባቢ ጀምሮ እስከ 1600 ኪሎ ኸርዝ ነውና መንገዱ ላይ ያገኘዋል። ጉልበቱ እየደከመም ቢሆን እስከ አጭር ሞገድ ይዘልቃል።

ሳጥኑ ብቻውን ብዙ ርቀት አያሰራጭም። የሚያሰራጨው ገመዱ ነው። ከጣራ የሚወርደው የፓነል ገመድና በየክፍሉ የተዘረጋው መስመር ሳይታሰብ አንቴና ይሆናሉ። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ዲሽና ሞባይል በዚህ እምብዛም አይነኩም፤ የሚሠሩበት ሞገድ በጣም ከፍ ያለ ነው።

መጀመሪያ ጥፋተኛው ይለይ

በማግስቱ ጠዋት ኢንቨርተሩን አጠፋሁት። ጩኸቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። እኔ ደግሞ የጠረጠርኩት ኢንቨርተሩን ብቻ ነበር። ግራ ሲገባኝ የአጎቴን ጋቢ ይዤ ጣራ ላይ ወጣሁና አጥፌ ፓነሉ ላይ ደረብኩት። ታች ሬዲዮውን ይዞ የቆመው ልጅ "መጣ! መጣ!" ብሎ ጮኸ። ጋቢውን ገለጥ ሳደርገው "ሄደ!" አለ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። ፀሐይ ፓነሉን ሲነካው ጩኸቱ ይመጣል፣ ሲሸፈን ይጠፋል። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ሁለት ጥፋተኛ ነበር ማለት ነው። ቀን የሚረብሸው ኮንትሮለሩ፣ ማታ የሚረብሸው ኢንቨርተሩ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ያዙና መርፌውን ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አቁሙት። አምፖሎቹን አንድ በአንድ አጥፉ፤ ርካሽ ኤል ኢ ዲ አምፖል ራሱን ችሎ የሚረብሽበት ጊዜ አለ። የስልክ ቻርጀሮችን ንቀሉ። ከዚያ ኢንቨርተሩን አጥፉ። ያኔ ጸጥ ካለ አገኛችሁት። ካላለና ቀን ከሆነ ፓነሉን ሸፍኑት። ሁሉም ጠፍቶ፣ ፓነሉም ተሸፍኖ ጩኸቱ ካለ የሚመጣው ከጎረቤት ነው።

ክረምት ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። "ጠሽ፣ ጠጥጥ" እያለ የሚቆራረጠው ድምፅ የመብረቅ ነው፤ መድኃኒት የለውም። የኢንቨርተር ጩኸት አይቆራረጥም፤ እንደ ንብ ቀፎ ያለማቋረጥ ይጮኻል።

ጭራሽ ያለ ኢንቨርተር

ምርጫ ሲባል ሁሉም ሰው ከኢንቨርተር ዓይነት ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ኢንቨርተሩ ያስፈልጋል ወይ ከሚለው ነው። ለብዙ የገጠር ቤት አያስፈልግም።

ሒሳቡን እንሥራው። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ባይወሰድ ይመረጣል፤ ስለዚህ 600 አላችሁ። አራት ባለ 5 ዋት አምፖል ለአምስት ሰዓት ቢበራ 100 ዋት ሰዓት ነው። ሬዲዮ 2 ዋት ቢፈጅ፣ ስድስት ሰዓት ሲከፈት 12። ሁለት ስልክ ቻርጅ ሲደረግ 30 ገደማ። ሁሉም ተደምሮ 150 አይሞላም። በሌላ በኩል ምንም ሳይሰካበት 10 ዋት የሚበላ ኢንቨርተር ሌት ተቀን ክፍት ከዋለ 240 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ቤቱ ከሚጠቀመው በላይ ሳጥኑ ብቻውን ይበላል ማለት ነው። ይህን ወረቀት ላይ ስጽፈው ለአጎቴ ኢንቨርተር መግዛቴ ቆጨኝ።

ያለ ኢንቨርተር የሚሠራ ቤት ባለ 12 ቮልት አምፖል፣ ባለ 12 ቮልት የስልክ ቻርጀር፣ ካስፈለገም ባለ 12 ቮልት ቲቪ ይጠቀማል። ለሬዲዮ ከዚህ የተሻለ የለም። ጣጣ ግን አለው። በ12 ቮልት ብዙ አምፔር ስለሚሄድ ገመዱ ወፈር ማለት አለበት፤ ለአምፖል 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሊበቃ ይችላል፣ ራቅ ላለ ቲቪ 4 ብታደርጉት ይሻላል። በቀጭን ገመድ ቮልቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ፊውዝ ባትሪው ሥር አይቅር። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተዘበራረቀ ዕቃ ይቃጠላል። የጸጉር መቁረጫ ማሽንና ካውያም ያለ ኢንቨርተር አይሠሩም።

ሬዲዮውንም በቀጥታ 12 ቮልት ላይ አትሰኩት። ብዙዎቹ ለ3 ወይም ለ6 ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ ወዲያው ይቃጠላሉ። ድንጋይ ከሆነ በድንጋዩ ይሥራ። የሚሞላ ባትሪ ያለው ከሆነ ቀን ቻርጅ አድርጉት፣ ማታ ነቅላችሁ ስሙት። ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ከተሰማ ጩኸቱ በቻርጀሩ ገመድ በኩል ቀጥ ብሎ ይገባል።

ኢንቨርተር የግድ ከሆነ

ገበያ ላይ "ኢንቨርተር" ተብሎ ብቻ የሚሸጠው ርካሹ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ የሚባለው ነው። ሳጥኑ ላይ ፒዩር ሳይን ዌቭ ተብሎ ካልተጻፈ ሞዲፋይድ ነው ብላችሁ ያዙት። የሚሰጠው ኃይል እንደ መብራት ኃይሉ ለስላሳ ማዕበል አይደለም፤ ደረጃ ደረጃ እያለ በድንገት ይዘላል፣ በድንገት ይወርዳል። ያ ድንገተኛ ዝላይ ነው ሬዲዮን የሚረብሸው። ቴፕ ወይም ስፒከር ብትሰኩበት "እምምም" ይላል። ሞተር ያለው ዕቃ ይሞቅበታል። አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል፤ ሬዲዮ የማይሰማበት ሱቅ ውስጥ ለእነዚህ ብቻ ከሆነ ምንም አይደል። ሬዲዮ ለሚሰማበት መኖሪያ ቤት ግን አልመክርም። ለአጎቴ የገዛሁት እሱን ነበር።

ፒዩር ሳይን ዌቭ ውድ ነው። ለፍሪጅ፣ ለሞተር፣ ለስፒከር ያለ ጥርጥር የተሻለው እሱ ነው። ለሬዲዮስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ፒዩር" የሚለው ቃል የሚናገረው ስለሚወጣው 220 ቮልት ማዕበል ነው። ስለ ሬዲዮ ጸጥታ አይናገርም። ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች እዚያም በፍጥነት ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ጥሩ ፋብሪካ ብልጭታውን በጥቅልልና በካፓሲተር አጣርቶ ያስቀረዋል። ርካሹ ደግሞ ማጣሪያውን ይቀንስና ወጪ ይቆጥባል፤ ያኔ "ፒዩር" ሆኖም ይጮኻል። በተለይ በባትሪው ገመድ በኩል የሚወጣውን ብዙዎቹ ምንም አያደርጉትም።

ታዲያ በምን ይለያል? አንዱ ምልክት ክብደት ነው። ውስጡ ትልቅ የብረት ትራንስፎርመር ያለው ኢንቨርተር ከባድ ነው፤ ሲያነሡት ወገብ ይፈትናል። ያለ ትልቅ ትራንስፎርመር የሚሠራው በአንድ እጅ ይንጠለጠላል። የባለ ትራንስፎርመሩ ከፍተኛ ቮልት በዝግታ፣ በ50 ኸርዝ፣ በብረቱ በኩል ስለሚወጣ ብዙውን ጊዜ ለሬዲዮ የተሻለ ጸጥታ አለው። ቀላሉ መጀመሪያ ባትሪውን በፈጣን ብልጭታ ወደ 300 ቮልት ገደማ ያነሣና ነው የሚቀጥለው፤ ስለዚህ የጩኸት ዕድሉ ሰፊ ነው። ከባዱም ጉድለት አለው፤ ያለ ሥራ የሚበላው ኃይል ከቀላሉ ይበልጣል። ስለዚህ ማብሪያውን አለመርሳት ነው። ሬዲዮ ለሚሰማ ቤት ከሁለቱ እኔ ከባዱን እመርጣለሁ።

አሁን አሁን ከተማ ላይ ሁሉን በአንድ የያዘ ሳጥን በዝቷል። ኮንትሮለሩ፣ ኢንቨርተሩ፣ የመብራት ኃይል ቻርጀሩ አንድ ላይ ናቸው። መብራት ሲሄድ ራሱ ይቀይራል። ፍሪጅና ቲቪ ላለው የማርቆስ ወይም የፍኖተ ሰላም ቤት ምቹ ነው። ብዙዎቹ ግን ቀላሉ ዓይነት ናቸው፣ ሁለቱም ጥፋተኞች አንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዱን ነጥሎ መቀየር አይቻልም። ከወሰናችሁ ሬዲዮ ከሚሰማበት ክፍል አርቃችሁ ስቀሉት። ደግሞም በብዙዎቹ ላይ ከፓነል የሚመጣው ቮልት መቶዎች ስለሚደርስ ገመዱን በራሳችሁ አትንኩ፣ ባለሙያ ይሥራው።

ከቢሮ የወጣ አሮጌ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር እንዳይዘጋ የሚያቆየውን ሳጥን) ከባትሪ ጋር አገናኝተው የሚጠቀሙ አሉ። ለደቂቃዎች የተሠራ ዕቃ ነው፣ ለሰዓታት ሲሠራ ይግላል። አልደግፈውም።

ኮንትሮለሩን አትናቁት

ጋቢው ያስተማረኝ ይህን ነው። ከኢንቨርተሩ ቀድሞ መመረጥ ያለበት ብዙ ጊዜ ኮንትሮለሩ ነው።

ሁለት ዓይነት አለ። ፒ ደብሊው ኤም የሚባለው ርካሹ ነው። ፓነሉን ከባትሪው ጋር በቀጥታ ያገናኛል፣ ባትሪው ሲሞላ እየቆራረጠ ይመጥናል። አቆራረጡ ዝግ ያለ ነው፤ ብዙዎቹ በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ ቢሆን ነው። ለሬዲዮ በአብዛኛው ይሻላል። ኤም ፒ ፒ ቲ የሚባለው ውስጡ ሌላ ትንሽ ቀያሪ አለው፤ የፓነሉን ከፍ ያለ ቮልት ወደ ባትሪው ቮልት ሲያወርድ ትርፉን በአምፔር ይሰጣል። ኃይል ይቆጥባል። ያ ቀያሪ ግን እንደ ኢንቨርተሩ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ብልጭ ይላል፤ በጣራው ረጅም ገመድ በኩል ይሰራጫል።

እንግዲህ የትኛው? መልሱ ያለው ከፓነሉ ጀርባ ላይ ነው። ፓነሉን ገልብጡና በሥራ ላይ የሚሰጠውን ቮልት አንብቡ። 18 ቮልት አካባቢ ከሆነ ለ12 ቮልት ባትሪ የተሠራ ነው፤ ባለ 36 ሴል ነው። ለእሱ ፒ ደብሊው ኤም ይበቃዋል። ኤም ፒ ፒ ቲ ብታስገቡ ትርፉ ብዙ አይደለም፤ የደጋው ብርድ ፓነሉን ስለሚረዳው በበጋ ጠዋት ትንሽ ይጨምራል፣ በክረምት ደመና ግን ያን ያህል አይታይም። ፓነሉ 30 ቮልት አካባቢ የሚል ትልቅ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። በ12 ቮልት ባትሪ ላይ በፒ ደብሊው ኤም ብታገናኙት ከኃይሉ ከግማሽ በላይ ይባክናል። እዚያ ኤም ፒ ፒ ቲ የግድ ነው፣ ጩኸቱን ደግሞ በሌላ መንገድ መከላከል ነው።

የአጎቴ ባለ 36 ሴል ነበር። የኮንትሮለር ሻጩ "ይሄ ይሻላል" ስላለኝ ብቻ ነው ኤም ፒ ፒ ቲ የገዛሁት። በፒ ደብሊው ኤም ቀየርኩት፤ የቀን ጩኸቱ እዚያው አበቃ። ባትሪው እንደ ድሮው ይሞላል። እናንተም ስትቀይሩ መጀመሪያ የፓነሉን ገመድ ንቀሉ፣ ቀጥሎ የባትሪውን። ስትመልሱ ደግሞ ባትሪው ይቅደም።

የተገዛውን አለመጣል

ሁሉም ሰው ዕቃ መቀየር አይችልም። ባለው ዕቃ ላይ ብዙ ማሻሻል ይቻላል፤ የሚጀመረውም ከገመዱ ነው።

አጎቴ ቤት ፖዘቲቩ በአንድ ወራጅ፣ ኔጌቲቩ በሌላ ወራጅ ወርዶ ነበር። መሃላቸው ሁለት ክንድ ያህል ክፍት ነው። እንዲህ ያለ ክፍተት ትልቅ አንቴና ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አምጥቼ እንደሚገመድ ገመድ አጠማዘዝኳቸው። ሲጠማዘዙ የአንዱን ጩኸት ሌላው ያጠፋዋል። ምንም ብር አላወጣሁም፣ ልዩነቱ ግን በጆሮ ይታወቃል። የባትሪውንና የኢንቨርተሩን ገመድ ደግሞ አሳጠርኩት።

ቀጥሎ ፌራይት አለ። በኮምፒውተር ገመድ ጫፍ ላይ የምታዩት ጥቁር እብጠት እሱ ነው። ቲቪ ጠጋኞች ጋር ከአሮጌ ወፍራም ቲቪ የተነቀለ ትልቅ ቀለበት ይገኛል። ገመዱን አንዴ ብቻ ብታሳልፉበት ለመካከለኛ ሞገድ ምንም ያህል አይረዳም። መጠምጠም አለበት። ኃይሉ ከዙሩ ብዛት በላይ ነው የሚያድገው፤ ሰባት ዙር ከአንዱ ዙር ወደ 49 እጥፍ ይጠጋል። ሁለቱንም ገመድ፣ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን፣ አንድ ላይ ይዛችሁ ጠምጥሙ። አንዱን ብቻ ከጠመጠማችሁ የሚያልፈው አምፔር ፌራይቱን ያጠግበዋል፣ ሥራም አይሠራ።

የሬዲዮውን ቦታም አስቡበት። ከኢንቨርተሩ ሦስት አራት ሜትር ማራቅ ብዙ ይለውጣል። መካከለኛ ሞገድ የሚቀበለው ውስጡ ባለው የአንቴና ዘንግ ነው፤ ሬዲዮውን ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ ጩኸቱ የሚደክምበት አቅጣጫ ይገኛል። ለአጭር ሞገድ ከቤቱ አሥር ሜትር ራቅ ያለ ዛፍ ላይ ሽቦ ዘርግታችሁ ከአንቴናው ጋር አያይዙ። ደመና ሲጠቁር ግን ሽቦውን አላቅቃችሁ ውጭ አስቀሩት። የጎጃም መብረቅ ቀልድ አያውቅም።

ሱቅ ስትሄዱ ሬዲዮ ይዛችሁ ሂዱ

ከሁሉም በላይ የምመክረው ይህን ነው። በኪስ የሚያዝ፣ አዲስ ድንጋይ የገባለት ሬዲዮ። ሱቁ በር ላይ ክፈቱት፤ ኢንቨርተሩ ሳይከፈት የሚሰማውን ጩኸት ያዙ፣ የሱቁ አምፖሎችም ይረብሻሉና። ከዚያ ሻጩ ኢንቨርተሩን ከባትሪ ጋር ያገናኝ። አምፖል ይሰካበት፤ ባዶውን ጸጥ ብሎ ጭነት ሲያገኝ የሚጮህ ብዙ ነው። 873 ላይ አቁሙና ከሳጥኑ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ እያላችሁ ራቁ። ጣቢያው ጥርት ብሎ የሚመጣው በስንተኛው እርምጃ ነው? ሁለት ሦስት ኢንቨርተር እንዲህ ብታወዳድሩ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። እኔ ሁለተኛውን ስገዛ አንዱ በሦስት እርምጃ ሲለቀኝ ሌላው እስከ መንገዱ ማዶ ተከተለኝ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነበር።

ሲ ኢ የሚል ምልክት አይታችሁ አትርኩ። ፋብሪካው ራሱ የሚለጥፈው ነው፣ በሐሰት የሚለጥፍም አለ። ለእንዲህ ያለ ዕቃ የሬዲዮ ረብሻ ልክ የሚያበጅ ዓለም አቀፍ መስፈርት ግን አለ፤ ሲስፕር 11 ይባላል። መመሪያው ላይ ተጽፎ ካገኛችሁት ጥሩ ምልክት ነው። ያም ሆኖ ከሬዲዮው ፈተና አይበልጥም። ሻጩ አላስሞክርም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

የአጎቴ ቤት አሁን በ12 ቮልት አምፖል ነው የሚያድረው። ሁለተኛው ኢንቨርተር፣ ከባዱ፣ ለቲቪ ብቻ ይከፈታል። የሁለት ሰዓት ዜና ሲደርስ አጎቴ ራሱ ተነሥቶ ያጠፋውና ሬዲዮውን መደቡ ላይ አዙሮ ያስቀምጠዋል። ባለፈው ስደውልለት ቀን ቀን ትንሽ "ዝዝ" እንደሚል ነገረኝ። ፓነሉን ሸፍኖ አይቶታል፣ አልጠፋም። ከጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ የእኛን አይቶ፣ እኔው ነግሬው፣ ያንኑ የመጀመሪያውን ኢንቨርተርና ኮንትሮለር ገዝቷል። ለፋሲካ ስሄድ ፌራይትና ጋቢ ይዤ እሱ ጣራ ላይ እወጣለሁ።